የባላምባራስ ቀለብ

እታለም ጥንቸል ላሳድግ ብላ አስባ አታውቅም፤ ጥንቸሉ ነው የመጣባት። በ1988፣ ፈረንጆቹ ፋሲካቸውን ባከበሩ ማግስት፣ ሳንታ ሞኒካ በምትሠራበት ሆቴል አንድ ክፍል ልታጸዳ ገብታ የመታጠቢያ ቤቱን መጋረጃ ብትገልጥ፣ ገንዳው ውስጥ ግራጫ ጥንቸል ቁጭ ብሏል። አንገቱ ላይ ሐምራዊ ሪባን፣ ፊቱ ላይ ግማሽ ካሮት። ክፍሉን ይዘው ለነበሩት እንግዶች ልጆች ለበዓል ተገዝቶ፣ በዓሉ ሲያልቅ የጥንቸሉም ነገር አበቃ። ቤተሰቡ የሆቴሉን ፎጣ ይዘው፣ የራሳቸውን ጥንቸል ትተው ሄደዋል።

«በስመ አብ!» አለች እታለም። ጥንቸሉ አፍንጫውን ነቀነቀላት።

አለቃዋ «ባለቤት ያጣ እንስሳ የሚሰበስቡትን ልጥራ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ፈላጊ ካጣ ይወጉትና ያርፋል» አለቻት። እታለም ይህን ስትሰማ ምን እንደነካት እንጃ። ጥንቸሉን በልብስ ማጠቢያ ከረጢት ከተተችና፣ በፒኮ መንገድ አውቶቡስ ጭና ሚድ ሲቲ ወደሚገኘው ባለሁለት ክፍል ቤቷ ወሰደችው።

አርባ አራት ዓመቷ ነበር። ባሏ ካርቱም ላይ «ቪዛ ጠይቄ ልምጣ» ብሎ ከቤት እንደወጣ እስከ ዛሬ ሰልፍ ላይ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰው አልጋ ታነጥፋለች። ቅዳሜና እሑድ ግን እታለም ሌላ ሰው ናት፤ በሎስ አንጀለስ የእሷ ዶሮ ወጥ ሳይበላበት ክርስትና የተነሳ ሕፃን፣ ሲያድግ ክርስትናውን የሚጠራጠር ይመስለዋል። ሽንኩርቷ ሳያር፣ በርበሬዋ ሳይቆጣ፣ ዶሮዋ ከአሥራ ሁለቱ ብልት አንዱ ሳይጎድል ድስቱ ይወጣል። ሰው ሁሉ «የእታለም እጅ» ይላል። ሌላ ሀብት የላትም፤ ያላት ይሄ ስም ነው።

እታለም ፍቅር የምታውቀው በማብላት ነው። እንግዳ «ጠገብኩ» ሲላት «ምን በላህና!» የምትል ሴት፣ «በሞቴ» ሳይባል የሚበላ እንግዳ ስታገኝ ደስታዋ ወሰን አጣ። ጠዋት ካሮት፣ ማታ ካሮት። በመሀል ዳቦ፣ ብስኩት፣ የገብስ ቆሎ፣ ሙዝ በስኳር። ሁዳዴ ስለነበር ሥጋና ቅቤ እንዳይነካው ተጠነቀቀች፤ ጥንቸል ዓመቱን ሙሉ ጿሚ መሆኑን ማን ይንገራት! በሁለት ወሩ እንደ ትራስ አበጠ። ከአገጩ ሥር ሞራ ተንጠልጥሎ፣ ሆዱን ዘርግቶ ሶፋ ላይ ሲቀመጥ ግብር የበላ የድሮ ሹም መሰለ። እሷም ባላምባራስ ብላ ሾመችው።

በነሐሴ አንድ ቀን ባላምባራስ ጥጉን ይዞ ተኮራመተ። ካሮት ቢሰጡት አያይም፣ ዳቦ ቢሰጡት አያይም፤ ጥርሱን ብቻ ያፋጫል። እንደ ፍየል በጠጥ ወለሉ ላይ የሚያንጠባጥበውም ከትናንት ጀምሮ የለም። እታለም የጎረቤቷን በር ደበደበች። ጎረቤቷ ነጅሙዲን የደሴ ልጅ ነው፤ ታክሲ ይነዳል።

«ነጅሙ፣ ድረስልኝ!»

«ምን ሆንሽ እትዬ?»

«እኔ ምንም አልሆንኩ፤ ባላምባራስ ነው።»

ነጅሙዲን ጥንቸሉን አየና ራሱን አከከ። «እትዬ፣ ታክሲዬ ላይ ያልጫንኩት ጥንቸል ብቻ ነበር። ኦኬ፣ ግቢ።»

የእንስሳት ሐኪሟ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሆዱን ዳበሰችው። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች፤ ነጅሙዲን አስተረጎመ።

«ምን ትሰጪዋለሽ ነው የምትለው።»

«የጎደለበት የለም በላት። ካሮት በላት፣ ዳቦ በላት፣ ብስኩት ከነወተቱ… አይ፣ ወተቱን ተው፣ እሱን የሰጠሁት ከፋሲካ በኋላ ነው።»

ሐኪሟ ሰምታ ስትጨርስ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ነጅሙዲን ሳቁን ዋጥ አድርጎ «በረሃብ የሚሞት እንስሳ አይቻለሁ፤ በግብዣ ሊሞት የደረሰ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው ትልሻለች» አለ።

ከዚያ ትምህርቱ ወረደ። የጥንቸል ዋና ምግቡ ድርቆሽ ነው። ጥርሱ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ የሚሞርደው ድርቆሽ ሲያላምጥ ነው፤ አንጀቱም ካለ ድርቆሽ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አሁንም የቆመው ለዚህ ነው። ስለዚህ ድርቆሽ ከፊቱ አይታጣ፣ ውሃም አይታጣ። ቅጠል በቀን ሁለት እፍኝ፣ እየተለዋወጠ፤ አንድ ቀን ሰላጣ፣ አንድ ቀን የድንብላል ቅጠል፣ አንድ ቀን የካሮቱ ቅጠል። ካሮቱ ራሱ ግን ለእሱ ከረሜላ ነው፤ በሳምንት አንድ ቁራጭ ይበቃዋል። ከሱቅ የሚገዛው የተጠቀጠቀ መኖ በቀን ሁለት ማንኪያ። ዳቦ፣ ብስኩት፣ ስኳር፣ ቆሎ፣ ወተት ከዛሬ ጀምሮ ሐራም። አዲስ ነገር ሲሰጠው ቀስ በቀስ እንጂ በአንዴ አይደለም። በየሳምንቱም ይመዘን፤ ሁለት ፓውንድ ያህል መክሳት አለበት።

እታለም ሁሉን ተቀበለች፤ የመጨረሻው ግን አልዋጥልሽ አላት። በመንገድ ላይ ታክሲው ውስጥ ባላምባራስን አቅፋ «እንስሳ ከሳ ማለት እኮ ባለቤቱ ሰነፈች ማለት ነው» አለች።

«እትዬ፣ የአገሩ ሐኪም ነች።»

«እሺ፣ ካሮት ካልተስማማው ፈረንጅ በየሥዕሉ ላይ ጥንቸልን ካሮት የሚያስይዘው ምን ሆኖ ነው?»

«በሥዕል የተበላ አያወፍርማ!»

ባላምባራስ ዳነ። እታለምም አንዴ ካመነች እንደ እሷ አማኝ የለም። ነጅሙዲን ለፈረስ መኖ የሚሸጥ መደብር በርባንክ አግኝቶ ድርቆሽ እስር በእስር ያመጣላታል፤ እሷ ጓዳዋ ውስጥ ኮቷንና ቀሚሷን ወደ አንድ ጥግ ገፍታ ትከምረዋለች። ቅዳሜ ጎመን ስትቀነጥስ የባላምባራስን ድርሻ አስቀድማ ለይታ አጥባ ታስቀምጣለች። እሱን አቅፋ ሚዛን ላይ ትወጣለች፣ እሱን አስቀምጣ ብቻዋን ትወጣለች፣ ልዩነቱን ወረቀት ላይ ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋለች። «ባላምባራስ፦ ስምንት ተኩል፣ ስምንት፣ ሰባት ተኩል፣ ሰባት…» ጸጉሩ አበራ፣ ዓይኑ ነቃ፣ ከሶፋ ወደ መስኮት መዝለል ጀመረ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ማንም ስለ እታለም ባላወራ። ግን ሰርክ መጣች።

ሰርክ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት የምትቆርጥ ሴት ናት። ቀኑን ሙሉ በአንዲት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ለብቻዋ ስትቀመጥ የተጠራቀመ አንደበት አላት፤ ስትወጣ እንደ ቧንቧ ይፈታል። በጥር ለእህቷ ልጅ ክርስትና ያዘዘችውን ወጥ ልትወስድ መጥታ፣ ጓዳው ተከፍቶ ነበርና ድርቆሹን አየች። ከድርቆሹ ሥር ባላምባራስን አየች። ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀቱን አየች።

«እታለም፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ባላምባራስ ነው።»

«ስሙን አልጠየቅኩሽም። ምን ያደርግልሻል?»

«ምንም።»

«ምንም ለማያደርግልሽ ነው ድርቆሽ ከበርባንክ የምታስመጪው? ትመዝኚዋለሽ ደግሞ?»

«በየሳምንቱ። ሐኪሟ ናት ያዘዘችው።»

«እና… ሲደርስስ?»

«የት ሲደርስ?»

ሰርክ ድስቷን አንሥታ ወጣች። በእኛ አገር እንስሳ የሚቀለበው ወይ ሊታረድ፣ ወይ ሊጫን፣ ወይ ቤት ሊጠብቅ ነው። ጥንቸል አይጫንም፣ አይጮህም። ድርቆሽና ሚዛን በአንድ ቤት ያየ ሰው ቀጥሎ የሚታየው ቢላ ነው። በወረቀቱ ላይ ቁጥሩ እየወረደ እንጂ እየወጣ እንዳልሆነ ማየት ይቻል ነበር። ግን ለወሬ የሄደ ዓይን ሁለተኛውን መስመር አያነብም።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ «እታለም ጥንቸል አላት» ተባለ። ይሄ እውነት ነው። በሳምንቱ ፀጉር ቤት ውስጥ «እታለም ጥንቸል ትቀልባለች» ተባለ። ይሄም፣ መቀለብን ማብላት ብቻ ብሎ ለያዘው ሰው፣ እውነት ነው። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ጥንቸል ጥንቸሎች ሆነ፣ ጓዳውም በረት ሆነ። በአራተኛው ሳምንት አንዱ ባለታክሲ፣ ከመንገድ ዳር ቆሞ፣ «እኔማ በዚያ ክርስትና ላይ የበላሁት አጥንት የዶሮ አልነበረም» አለ።

«የት ቦታ የሚሆን አጥንት?»

«አሥራ ሁለቱን ብልት አውቃለሁ፤ ይሄ አሥራ ሦስተኛው ነው።»

ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስተኛው ብልት ያልደረሰው ሰው ሐበሻ ከሚበዛበት ከፌርፋክስ መንገድ ጠፋ። እንዴት ነው ነገሩ? እንደ ኦሪቱ ቃል ጥንቸል ያመሰኳል፣ ሰኮናው ግን አልተሰነጠቀምና ርኩስ ነው፤ በልቶ መገኘት ደግሞ ንስሐ ያስገባል። ሰውም ንስሐ ከሚገባ ታሪክ ቢያወራ ይቀለዋል። እታለም ምንም አልሰማችም። ወሬ ባለቤቱን ሰላም ሳይል የሚያልፍ ብቸኛ እንግዳ ነው።

የሰማችው ከጋሼ ነጋሽ አፍ ነው። ጋሼ ነጋሽ ፌርፋክስ ላይ ከኦሊምፒክ መንገድ ዝቅ ብሎ አንድ ጠባብ ሱቅ ተከራይተው ምግብ ቤት ሊከፍቱ ነበር። «ወጥ ቤቱ ያንቺ ነው፤ ስምሽን በመስኮቱ ላይ በትልቁ አጽፈዋለሁ» ካሏት ዓመት ሊሞላ ነው። እሷም ለሆቴሉ የስንብት ደብዳቤዋን አስጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትዞራለች። የፋሲካን ግብዣ በማኅበሩ አዳራሽ እሷ ልትሠራ፣ ሰውም እጇን ቀምሶ በዚያው የምግብ ቤቱ መከፈት ሊነገር ተቆርጦ ነበር። ጋሼ ነጋሽ በሆሳዕና ማግስት ሊያነጋግሯት መጡ፤ ቆመው ባላምባራስን በጎን አዩት።

«እታለምዬ፣ ሰው እያወራ ነው።»

«ስለ ምን ጋሼ?»

ነገሯት። እታለም መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ተቀመጠች።

«እኔ? ለክርስቲያን ጥንቸል? ጋሼ፣ እርስዎ ያምኑታል?»

«እኔማ አላምንም።» ቆባቸውን በእጃቸው አዞሩ። «ግን ምግብ ቤት የሚሞላው በእኔ እምነት አይደለም። ይሄን አውሬ ከቤት አስወጪው፤ ነገሩ ይበርዳል።»

«አባንስ ብንጠይቅ?»

የቤተ ክርስቲያኑን አባ ጠየቁ። አባ «የተከለከለው መብላቱ ነው እንጂ ማኖሩ አይደለም፤ እግዚአብሔር የፈጠረውን ሣር ማብላት ኃጢአት የለውም» አሉ። ጥሩ ቃል ነበር። ግን እውነት በእግሯ ነው የምትሄድ፣ ወሬ መኪና አለው፤ የአባ ቃል ከበሩ ሳይወጣ ቀረ።

እታለም ሦስት ቀን አሰበች። በሦስተኛው ቀን ነጅሙዲን የሚያውቃት አንዲት አስተማሪ ክሬንሾው አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ለክፍሏ ጥንቸል እንደምትፈልግ ነገራት። ስቅለት ዋዜማ ባላምባራስን ከነድርቆሹ ወሰዱት። እታለም የሚበላውንና የማይበላውን ነጅሙዲን በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ አድርጋ ለአስተማሪዋ ሰጠች። «በጣም አትውደዱት በላት» አለችው። ነጅሙዲን ይህን እንዴት እንደተረጎመው አልታወቀም።

እሑድ፣ የትንሣኤ ዕለት ከሰዓት፣ አዳራሹ ሞላ። እታለም አሥራ አምስት ዶሮ ሠርታለች። የወሬውን አፍ ለመዝጋት እያንዳንዱን ዶሮ በየራሱ ሳህን፣ አሥራ ሁለቱን ብልት በተራ ደርድራ፣ እንቁላሉን በመሀል አስቀምጣ አቀረበች፤ ቆጥሮ የሚበላ ይቁጠር ብላ። የሳህኖቹ ክዳን ሲነሣ ሽታው እስከ መንገድ ወጣ። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሕዝብ ምራቁን ዋጠ።

ዋጠና አይብ አነሣ። ጎመን አነሣ። ሰላጣ ላይ ሰልፍ ተሠራ። ዶሮው ዘንድ ግን ማንም አልደረሰም። አባ ከመጀመሪያው ሳህን ቢያነሡ ነገሩ ያልቅ ነበር፤ ግን አባ ጨጓራቸው በርበሬ አይቀበልም፤ ዕድሜ ልካቸውን አልጫ ነው የሚበሉ። ጋሼ ነጋሽ ሰውን አይተው፣ እታለምን አይተው፣ ሳህን ይዘው ተነሡ። ሥጋውን አለፉና እንቁላል አነሡ። ከጀርባ አንዱ ቀልደኛ፣ «አይዞዎት ጋሼ፣ እንቁላሉን ይብሉ፤ ጥንቸል እንቁላል አትጥልም» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መጥፎ ሳቅ አልነበረም፤ ሰው ትንሽ ቀለል አለው፣ ሦስት አራት እጅ ወደ እንቁላሉ ተዘረጋ። ይሄኔ አሜሪካ የተወለደች የስድስት ዓመት ልጅ፣ ጠረጴዛው ሥር ሆና፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ኖ! እንቁላል የሚያመጣውማ ኢስተር በኒ ነው፣ የፋሲካው ጥንቸል! ቲቸር ነግራናለች!» አለች።

የጋሼ ነጋሽ እጅ አፋቸው ጋ ሳይደርስ ቆመ። እንቁላሉን እንደ ጋለ ፍም መልሰው አስቀመጡት። የተዘረጉት እጆችም ተመለሱ።

ቀጥላ የተናገረችው ሰርክ ናት። ክፋት አልነበራትም፤ ይሄ ነው የሚያናድደው። ሰርክ ወጥ ቤቱንም አልፈለገች፣ የእታለምንም ስም አልፈለገች፤ የፈለገችው ነገሩ ሲቀጥል ማየት ብቻ ነው።

«ለመሆኑ ጥንቸሉ የት አለ?» አለች። «ሐሙስ ለታ በደጅሽ ሳልፍ በሩ ክፍት ነበር፤ ጓዳው ውስጥ ድርቆሹም የለም።»

«ሰጠሁት» አለች እታለም።

«ለማን?»

«ለትምህርት ቤት።»

«ትምህርት ቤት? ምን ሊማር?»

አሁን ማንም አልሳቀም። ሁሉም በልቡ ቀኑን ቆጠረ፤ ሐሙስ ጠፋ፣ እሑድ ፋሲካ ነው። ጥንቸሉን ብታኖረው ትቀልባለች ሊሏት፣ ብትሰጠው ደረሰ ሊሏት፣ መጀመሪያውኑ ተቆርጦ ነበር። እታለም ነጅሙዲን እንዲመሰክርላት ዞር ብላ ፈለገችው፤ የሱ በዓል ስላልሆነ አልመጣም። ሳህን አነሣች። ፈረሰኛውን ለራሷ አወጣች፣ መሀል አዳራሹ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ አጥንቱ እስኪነጣ በላች። አንዲት ሴት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች።

ሰኞ፣ ለበዓሉ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ስለነበር፣ ትምህርት ቤቱ ሄደች። ልጆቹ ባላምባራስን በኩኪስና በፋንዲሻ ከበውታል፤ ድርቆሹ አልተነካም። እታለም እንግሊዝኛዋን ሳታፍርበት ኩኪሱን ለቅማ ጣለች፣ «ኖ ኩኪ፣ ዳይ» አለች፣ ይሞታል ለማለት፣ ድርቆሹን በእጇ ይዛ አንድ በአንድ አሳየቻቸው። ሃያ ስምንት ልጅ አፉን ከፍቶ ሰማት። በዚያች ከተማ በዚያ ሳምንት ቃሏን ያመኑት እነሱ ብቻ ናቸው። አስተማሪዋ በየሳምንቱ እንድትመጣ ለመነቻት። ባላምባራስን ይመልሱልኝ ልትል መጥታ፣ ሳትል ወጣች።

የስንብት ደብዳቤውን የሆቴሉ ቆሻሻ ጋሪ ውስጥ ጨመረችው። ቅዳሜ ስልኳ አይደወልም፤ ክርስትናውም ሠርጉም ሌላ እጅ ዘንድ ሄደ። በፒኮ አውቶቡስ ውስጥ የሚያውቋት ሰዎች ሰላም ይሏታል፣ ከዚያ በመስኮት ያያሉ።

ምግብ ቤቱ በሐምሌ ተከፈተ። መስኮቱ ላይ የአንድ ወንዝ ስም ተጻፈበት። ጋሼ ነጋሽ ያስገቧት ሴት ደግሞ ደህና ሰው ናት፣ ትጾማለች፣ ትጸልያለች፣ ወጧ ግን ውሃ ነው። በሁለት ወሩ ወንበሩ ባዶ ሆነ። ጋሼ ነጋሽ አንድ ማክሰኞ እታለም ደጅ መጥተው፣ እንደ በፊቱ ቆመው፣ ቆባቸውን አዞሩ።

«እታለምዬ፣ ሥራው አለ።»

«የማን ሥራ?»

«ያንቺው ነው። ግን… ስምሽ ባይነሣ። ከኋላ ባለው መንገድ ትገቢና፣ ከኋላ ትወጫለሽ። ሰው ማን እንደሠራው አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም እኔ አለሁ።»

እታለም ብዙ ነገር ልትላቸው አስባ ነበር፤ ለሰው ስትነግር ሁሉን እንዳለችው አድርጋ ነው የምትተርከው። በዚያች ቀን ግን ያለችው «ድስቱ ስንት ሊትር ነው?» ብቻ ነው። አሥራ አምስት ክፍል በቀን ለማጽዳት ወገቧ እምቢ ብሎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፌርፋክስ ላይ ሰው ወንበር አጣ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰልፉ በር ላይ ይቆማል። በጥቅምት አንድ እሑድ፣ ሰርክ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር መጥታ፣ ወጥ ቤቱን በምትዋሰነው ጠረጴዛ ተቀመጠች። ግድግዳው ስስ ነው፤ እታለም ቆማ የምታማስልበት ድረስ እያንዳንዱ ቃል ይሰማል።

«ብሉ እንጂ! ይሄ ነው ዶሮ ማለት። እዩት፣ አሥራ ሁለቱም አለ።»

«እንዴት ይጣፍጣል ባካችሁ!»

«እግዜር ይመስገን» አለች ሰርክ ጣቷን እየላሰች። «ከዚያች ሴትዮ ገላገለን። ትዝ ይላችኋል? እኔ ያኔውም ወጧ ጣዕሙ ሌላ ነው ብዬ ነበር።»

አስተናጋጇ ፋና ባዶ ሳህን ይዛ ገባች። ልጅት አዲስ መጤ ናት፣ ስለ ጥንቸልም ስለ ማንም አታውቅም።

«እትዬ፣ ያቺ ሴትዮ ‹እጅሽን ይባርከው› በያት አለችኝ። ስሟንም ንገሪኝ ትላለች። ማን ልበላት?»

እታለም እሳቱን ቀነሰች።

«ማንም በያት» አለች። «ወጥ ትጨምር እንደሆነ ግን ጠይቂያት።»